የሂርጳ ትልቁ የመሣሪያ ሣጥንና አራተኛው ምስክር

እኔ ሂርጳ ፉፋ፣ በአምቦ ከተማ ወደ ጉደር በሚያወጣው አስፋልት ዳር የምኖር የመኪና ጥገና ባለሙያ፣ ኩላሊቴ ቢደክምም አእምሮዬ እንዳልደከመ፣ ማንም እንዳላስገደደኝና እንዳላባበለኝ እያረጋገጥኩ፣ ዛሬ እሑድ ሰኔ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ከአምልኮ መልስ በመኖሪያ ቤቴ ይህን የመጨረሻ ፈቃዴን አስጽፋለሁ። የምትጽፈው በዩኒቨርሲቲው ሕግ የምታስተምረው ተከራዬ ፌቨን ናት። «ጋሼ፣ ኑዛዜ ሲያጥር ነው የሚያምረው» ብላኛለች። እኔ ግን ቁጭ ብሎ የሚያዳምጠኝ ሰው ካገኘሁ ቆይቻለሁና ያልኩት ሁሉ እንዲጻፍ አዝዣለሁ።

ለምስክርነት የተቀመጡት ጎረቤቴ ጡረተኛው መምህር እንግዳወርቅ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ወይዘሮ ጂቱና ከጋራዤ አጠገብ ሱቅ ያለው አቶ ሞቱማ ናቸው። አራተኛው አቶ ትንሳኤ ለቅሶ ሊደርስ ጊንጪ ሄዷል፤ እየተመለሰ ነው ተብሎ ይጠበቃል። ነገ ማለዳ ልጄ መጥታ አዲስ አበባ ሆስፒታል ትወስደኛለች። መመለሴን ስለማላውቅ ጉዳዩ ዛሬ ማለቅ አለበት።

አንደኛ፤ ይህ ቤት ከነግቢው ለአንድያ ልጄ ለለንሳ ይሁን። ለንሳ በሸነን ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። «አባዬ፣ እኔ ጋ ና፤ አብረን እንኑር» ብላ ያልለመነችኝ በዓል የለም። ጋራዡን ትቼ የትም አልሄድም እያልኩ መለስኳት። እውነቱን ዛሬ ትወቀው። ከመንገዱ ማዶ ሌላ ጋራዥ አለ፤ ከዚያ የሚመጣውን የመዶሻ ድምፅ ካልሰማሁ ቀኑ አይመሽልኝም። ሸነን ሄጄ ምን ልሰማ ነው? ልጄ ቤቱን ልትሸጠው ትችላለች፤ ፌቨንን ግን የኪራይ ዓመቷ ሳይሞላ እንዳታስወጣት።

ሁለተኛ፤ በጋራዡ ውስጥ ያለው ትልቁ ክሪክ የእኔ አይደለም። የጉደሩ ወፍጮ ቤት ባለቤት ያዋሰኝ ነው፤ ይመለስለት። ብረት ጨምቆ የሚይዘው ሞርሳ ለእህቴ ልጅ ለሚልኬሳ ይሰጠው። የተሰጠውን ሁሉ የሚሸጥ ሰው ስለሆነ፣ ሞርሳው ከጠረጴዛው ጋር ተበይዶ ይሰጠው።

ሦስተኛ፤ ስለ ትልቁ የመሣሪያ ሣጥን። ይህ ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ።

እኔና ባልንጀራዬ ኤጄታ ይህን ጋራዥ አብረን ከፍተን ሃያ ዓመት ያህል አብረን ሠርተናል። መፍቻውም፣ ፒንሳውም፣ ካቻቢቴውም የሁለታችን ነበር፤ ሁሉም አንድ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ይውላል። እኔ ከመኪና ሥር ሆኜ «አሥራ ሦስት!» ስል እጁ ከመፍቻው ጋር ይመጣል። ሥራው በዝቶ ሠራተኞች ስንቀጥርና ዕቃ መጥፋት ሲጀምር፣ በ2010 ዓ.ም. ደህና ሣጥን እንግዛ ብለን አዲስ አበባ፣ ምናለሽ ተራ ወረድን። ሲያልቅ አያምር እንዲሉ፣ ባልንጀርነታችን ያለቀው እዚያ ነው።

እኔ የመረጥኩት ቀዩን፣ ባለ ብዙ መሳቢያውን፣ በጎማ የሚሄደውን ነው። በምርጫዬ ዛሬም ትክክል ነበርኩ እላለሁ። ሣጥን የሚገዛ ሁሉ ከእኔ ይማር፤ በቀለሙ አትታለሉ። መሳቢያውን እስከ መጨረሻ ሳቡና በክንዳችሁ ተጫኑት፤ ካጎነበሰ ተዉት። ላሜራውን በጣታችሁ አንኳኩ። መሳቢያው በኩሽኔታ የሚንሸራተት ይሁን፤ ጎማው ማቆሚያ ይኑረው፤ ከባዱ ዕቃ ከታች ይግባ። ከመግዛታችሁ በፊትም የበራችሁን ስፋት ለኩ። እኔ ስላልለካሁ የጋራዡን በር ነቅዬ ነው ያስገባሁት።

ኤጄታ ግን መሳቢያም ላሜራም አላየም። ያየው መቆለፊያውን ነው። «ቁልፍ ያለው ሣጥን እኔና አንተ መሀል ከገባ፣ አንዳችን ሌባ ነን ማለት ነው» አለኝ። እኔ ስለ ሠራተኞቹ ነው የማወራው ብለው አልሰማም። ቁልፉ ማን ኪስ ውስጥ ሊውል ነው ሲለኝም፣ እኔ በራሴ ገንዘብ ገዝቼው ወደ አምቦ ይዤው መጣሁ። እልህ ምላጭ ያስውጣል። በማግስቱ ኤጄታ የራሱን መዶሻ ብቻ አንሥቶ መንገዱን ተሻገረና ከፊት ለፊቴ ጋራዥ ከፈተ።

ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም። በአንድ ቤተ ክርስቲያን እናመልካለን፤ እሱ በግራ፣ እኔ በቀኝ። ባለቤቴ ደብሪቱ ስትሞት መጥቶ ሬሳ ተሸክሟል፤ ለእኔ ግን አንድ ቃል ሳይናገር ሄደ። ሣጥኑ ከገባ በኋላ ደንበኛ ሲቀንስ ሠራተኞቹም አንድ በአንድ ተበተኑ። አሁን መፍቻ ስፈልግ ከመኪና ሥር ራሴ ወጥቼ፣ እጄን ጠርጌ፣ ሣጥኑን ከፍቼ፣ አውጥቼ፣ መልሼ ቆልፌ እገባለሁ። ብቻዬን ውዬ ከማን እንደምቆልፍ አላውቅም። ከመኪና ሥር ያለ ሰው የሚጣራው ሰው ያስፈልገዋል። እኔ የለኝም፤ ይህ ከኩላሊቴ ይልቅ ጎድቶኛል።

ስለዚህ ሣጥኑ ከነሙሉ ዕቃው ለኤጄታ ይሁን። እንዲሰማ ብዬ ዛሬ ጠዋት ወይዘሮ ጂቱ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ «ሂርጳ ይጠራሃል» ብላዋለች። እሱ ግን ወደ ቤቱ ሄደ።

አራተኛ፤ ስለ ቀብሬ። መዝሙር አታርዝሙብኝ፤ ዝናብ ከሆነ ደግሞ ስብከቱም ይጠር…

ይህ እየተጻፈ ሳለ ኤጄታ ገባ። ቀብሬ ይቆይ፤ የሆነው እንዳለ ይጻፍ።

ኮቱ በዝናብ ርሷል። ከበሩ ላይ ቆሞ «አካም ጅርታ፣ ሂርጳ?» ሲል እንዴት መሆኔን ጠየቀ።

«ፈያ» አልኩት፤ ደህና አለመሆኔን እያየ። «ታኢ» ብዬ ወንበር አሳየሁት፤ ተቀመጠ።

ፌቨን የሣጥኑን አንቀጽ አነበበችለት። እሱም «ያ ቱል ቦክስ አሁንም አለ እንዴ?» አለ።

«መሳቢያው እስከ ዛሬ አልተንገዳገደም» አልኩ።

«ትልቅ ነው ብዬህ ነበር።»

«ላሜራውን መቼ አየህና!»

«ያ ዋቃ!» ብላ አምላኳን ጠራች ወይዘሮ ጂቱ፤ «ዛሬም ሣጥን?»

በዚህ መሀል የሞቱማ ስልክ ጮኸ። አቶ ትንሳኤ ነው፤ ጭልሞ አካባቢ ዛፍ ወድቆ መንገድ ስለተዘጋ ዛሬ አይደርስም። ፌቨን እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ሦስት ምስክር አይበቃም፤ አራተኛ ሰው ካልፈረመ ይህ ሁሉ ወረቀት ብቻ ነው» አለች።

«እኔ አለሁ አይደል?» አለ ኤጄታ።

«እርስዎ ባይፈርሙ ይሻላል። በሕጉ ምስክር ሆኖ የፈረመ ሰው በኑዛዜው የተሰጠው ነገር ይቀርበታል። ከፈረሙ ሣጥኑን አያገኙም።»

«እንዳትፈርም!» አልኩ። ሞቱማም ከጎረቤት ሰው ልጥራ ብሎ ተነሣ።

«ተቀመጥ አንተ» አለው ኤጄታ። ወደ ፌቨንም ዞሮ «ሣጥኑ የሚደርሰኝ መቼ ነው?» ሲል ጠየቃት።

ፌቨን አንገቷን ደፋች። «እሳቸው… ካረፉ በኋላ።»

«እሱ ከሞተ በኋላ ሣጥን ምን ያደርግልኛል? ከማን ጋር ልጨቃጨቅበት ነው? እስክሪብቶውን አምጪ፣ ልጄ።»

ተናድጃለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ በልቤ ስመርጥለት የኖርኩትን ስጦታ በአንድ ቃል መለሰብኝ። ደስም ብሎኛል። ሁለቱም ይጻፍ።

እንግዲህ ሣጥኑን በሚመለከት ከላይ ያልኩት ቀርቶ፣ ሣጥኑ ለልጄ ለለንሳ ይሁን፤ የፈለገችውን ታድርግበት። ስለ ቀብሬ የጀመርኩትን ወይዘሮ ጂቱ ታውቀዋለች፤ እሷ ትጨርሰው። ከዚህ በፊት የተናዘዝኩት የለም። ይህ ጽሑፍ በእኔና በአራቱም ምስክሮች ፊት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቦ ቃሌ መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜያለሁ።

ተናዛዥ፦ ሂርጳ ፉፋ (ፊርማ)

እኛም ተናዛዡ በሙሉ አእምሮ ሲናገሩ ሰምተን፣ ሲነበብም አዳምጠን ፈርመናል።

1ኛ. መምህር እንግዳወርቅ (ፊርማ)
2ኛ. ወይዘሮ ጂቱ (ፊርማ)
3ኛ. አቶ ሞቱማ (ፊርማ)
4ኛ. አቶ ኤጄታ (ፊርማ)

ጸሐፊ፦ ፌቨን (ፊርማ)

ከፊርማው በኋላ በተናዛዡ ትእዛዝ የተጨመረ፦ ሦስቱ ምስክሮች ተሰናብተው ወጥተዋል። ዝናቡም አባርቷል። ኤጄታ ግን አልተነሣም።