ስድስቱን ቀዳዳ ያጠበብኩት እኔ ነኝ

ውድ ልጄ፣

በስልክ ልነግርሽ ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ፣ "ብርዱ እንዴት ነው?" ብቻ ብዬ ዘግቻለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ብርድ ያወራነው ለዚህ ነው። ጫማ ሰፊው አባትሽ ወስፌ እንጂ ብዕር መጨበጥ እንደማይሆንለት ታውቂያለሽና እንደምንም ታግሰሽ አንብቢልኝ።

ሥራ አግኝተሽ ወደዚያ ብርድ አገር ልትሄጂ ሦስት እሁድ ሲቀርሽ፣ ሳሎናችንን የሞላው አሮጌ የፑል ጠረጴዛ ጠላቴ ሆኖ ነበር። ቀዳዳዎቹ ሰፊ፣ አንቺ ደግሞ አትስቺ። በሩብ ሰዓት ትጨርሺኝና ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደግፈሽ፣ "በቃ አባዬ፣ ሻንጣዬን ላዘጋጅ" ትያለሽ። እኔ ጠመኔውን እንደያዝኩ እቀራለሁ። ሩብ ሰዓት አልበቃኝም።

አንቺ ልብስ ልትገዢ የወጣሽ ቀን ከሱቄ የጫማ ሶል ጎማ አመጣሁ። የስድስቱንም ቀዳዳ አፍ ግራና ቀኝ ጨርቁን ገልጬ፣ ጎማውን በስሱ እየቆረጥኩ በማስቲሽ ለጠፍኩና ጨርቁን መልሼ ወጠርኩት። ኳስ በመከራ የሚያልፍበት ሆነ። እናትሽ በር ላይ ቆማ ታየኝ ነበር።

"ምን እያደረግክ ነው?"

"ጨዋታው እንዲረዝም ነው።"

"አንተ ሰውዬ፣ ለምን አትነግራትም?"

"ምኑን?"

ትታኝ ወደ ኩሽና ገባች።

ጨዋታው በእርግጥም ረዘመ። አንድ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ተኩል። ኳሱ አፉ ላይ ደርሶ ሲመለስብሽ ከንፈርሽን ስትነክሺ እያየሁ ደስ አለኝ፤ ምን እደብቅሻለሁ። ይባስ ብዬም "እጅሽ ከዳሽ እንዴ?" እያልኩ ቀለድኩብሽ። በመጨረሻው እሁድ ጥቁሯን ኳስ፣ ያችን ድሮ እየሳቅሽ በመስኮቱ በኩል ባለው ቀዳዳ የምታስገቢያትን፣ አራት ጊዜ ሳትሽ። ጨዋታውን ሳንጨርስ ዱላውን ጠረጴዛው ላይ አስተኛሽው።

"አባዬ፣ ድሮም እያዘንክልኝ ነበር የምትሸነፍልኝ፣ አይደል?"

አይደለም ማለት ነበረብኝ። ጎማው እንዳይታወቅብኝ ፈርቼ ሳቅሁ።

ባለፈው ሳምንት እናትሽ ነገረችኝ። መሥሪያ ቤትሽ ውስጥ ጠረጴዛ አለ፤ ባልደረቦችሽ ሲጠሩሽ "እኔ አልችልም" ትያቸዋለሽ አሉ። ይህን ያስባለሽ የእኔ ጎማ ነው።

ዛሬ ጠዋት ጎማዎቹን አንድ በአንድ ነቀልኳቸው። ጥቁሯን አንቺ የሳትሽበት ቦታ ላይ አስቀምጬ መታኋት። ገባች። እኔ መትቼ ገባች፤ ከዚህ በላይ ምን ምስክር ትፈልጊያለሽ? ሆን ብዬ የተሸነፍኩልሽ አንድም ቀን የለም ልጄ። ሁልጊዜም ያሸነፍሽኝ አንቺ ነሽ።

ናፍቀሽኛል። ያኔም ገና ሳትሄጂ ናፍቀሽኝ ነበር። "አንድ ጨዋታ እንድገም" ማለት ከብዶኝ ነው ጎማ ስቆርጥ የዋልኩት።

ስትመጪ ቀዳዳዎቹ እንደ ድሮው ሰፊ ናቸው። በሩብ ሰዓት ጨርሺኝ። ከዚያ ግን ዱላውን አታስቀምጪ፤ እንድገም እልሻለሁ።

በአንቺ መሸነፍ የናፈቀው
አባትሽ