ዞብል ላይ የተዘጋው ክፍል

ነሐሴ 3 ቀን 1965

ቆቦ ዛሬም ዝናብ። አምና የቀረው ሁሉ አሁን ይወርዳል... ለማን? አራሹ መንገድ ዳር ወድቋል። ነገ ከሸረፈዲን ጋር ዞብል ተራራ እወጣለሁ። የሚነዳው የጭነት መኪና የእርዳታ ስንዴ ጭኗል፤ አከፋፋይ ሁኚኝ አለኝ። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ለክረምቱ ዝግ ነው፣ እሺ አልኩት። ደብሪቱንና ካሳውንም እናያቸዋለን። አራታችን አብረን ነው የተማርነው። እነሱ ተጋብተው ተራራው ላይ ያለውን የመንግሥት ማረፊያ ቤት ይጠብቃሉ።

ነሐሴ 4

ስንዴው መንገድ ላይ አለቀ። ስንቱን አልፈህ ትሄዳለህ? ለራሳችን የቀረን አንድ ቁና ቢሆን ነው። እንደደረስን ከኋላችን መንገዱ ተናደ። መውረድ የለም።

ደብሪቱን ከመክሳቷ የተነሳ አላወቅኋትም። እጄን ስትይዘኝ ነው ያወቅኋት።

«ካሳውስ?»

«ተስቦ ይዞታል። እንዳትገቡ፣ ይጋባል።»

ነሐሴ 6

ንፍሮውን ለአራት እንከፍላለን። የካሳውን እሷ ይዛ ትገባለች፣ በሩን ትዘጋለች፣ ባዶ ጣባ ይዛ ትወጣለች።

ሸረፈዲን ከውጭ ጮኸ፤ «ካሳው! ኧረ ድምፅህን አሰማን!»

ደብሪቱ መጥታ በሩ ፊት ቆመች።

«ተኝቷል» አለች። አሁን በላ ብላ ወጥታ... መቼ ተኛ?

ነሐሴ 7

«ሳል እንኳ የለም» አለኝ ሸረፈዲን፣ በጆሮዬ። «ይሄ ሰው ውስጥ የለም።»

«የት ይሄዳል?»

በዓይኑ ደብሪቱን ጠቆመኝ። የክፍሉን ቁልፍ ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አስራዋለች። ለምን?

ነሐሴ 8



ደብሪቱ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ሸረፈዲን በሩን በትከሻው ገፋው። ሰው የለም። ወለሉ መሃል የተቆለለ አፈር፣ በላዩ የካሳው ጋቢ።

ሸረፈዲን «ኢና ሊላሂ...» ብሎ ቁጭ አለ።

ዞር ስል በሩ ላይ ቆማለች። እንስራው ከጀርባዋ አልወረደም።

«ገደልሽው?» አልኳት። እኔ! አንድ ዴስክ ላይ አብሬያት ያደግሁ!

«ረሃቡ ነው የገደለው። ውጭ እንዳልቀብረው ጅቡ መቃብር ይቆፍራል። ጥልቅ ልቆፍር፣ በምን አቅሜ?»

«ድርሻው ብለሽ ይዘሽ የምትገቢውስ?»

ነጠላዋን ገለጠች። ሆዷ በጽንስ ገፍቷል... እንዴት ሳላይ ቀረሁ?

«ሞቷል ካልኳችሁ ድርሻውን ታስቀሩብኛላችሁ ብዬ ፈራሁ።»

«እኛ? ደብሪቱ፣ እኛ?»

«እህል ልለምን ብሄድ ወንድሜ በሩን ዘግቶብኛል። ከዚያ ወዲህ ሰው አላውቅም።»

ነሐሴ 9

መጻፍ አልቻልኩም።

ነሐሴ 13

መንገዱ ተጠረገ። ከመውረዳችን በፊት ካሳውን በጋቢው ጠቅልለን ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቀበርነው። ቄሱ ተሰድደዋል። ሸረፈዲን በጥልቁ ቆፍሮ ድንጋይ ጫነበት። እኔ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ፣ እሱ ዱዓ አደረገ።

ደብሪቱን መሃላችን አስቀመጥናት። ቆቦ መግቢያ ደረስን። መንገድ ዳር የተኙትን እያየች ድንገት «ካሳው!» ብላ ጮኸች። ሸረፈዲን መኪናውን አቆመ። ወርዳ ደረቷን እየደቃች አለቀሰች። እኛም አለቀስን።

ዳር የተቀመጡት ሴቶች ቀና ብለው አዩን። አንዷ እንደምንም ተነሳች። ከዚያ ሌላዋ። ማን እንደሞተ አልጠየቁም፣ አብረው አለቀሱ።

በዚህ ክረምት ለሞተ ሰው ሲለቀስ የሰማሁት ገና ዛሬ ነው።