ስለ ባለ ድርብ መስተዋቱ መስኮትና በመካከሉ ስለቀረው ሰላምታ

ለክቡር ግራዝማች መሸሻ፣
የዋናው መንገድ ቤቶች ውበት ኮሚቴ ሊቀ መንበር፤
ነቀምቴ።

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ። ክረምቱ ደረትዎን እንዳይነካው፣ ጭቃው ጫማዎን እንዳይደፍረው፣ የኮሚቴው ስብሰባም ወገብዎን እንዳያደክመው ፈጣሪን እለምናለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ ነገር ግን ደኅንነታችንን መንገደኛው በመስኮታችን በኩል አይቶ ሊነግርዎ ስላልቻለ፣ በጽሑፍ ማስታወቅ ግድ ሆኖብኛል።

ይህን ደብዳቤ አሽጌ መላክ ሲገባኝ ገበያው አጠገብ ባለው የልብስ ስፌት ቤቴ በር ላይ መለጠፌ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ። ከዚህ ቀደም ያስገባኋቸው ማመልከቻዎች፣ ልክ እንደሰጡን መስኮት፣ አንዴ ከታሸጉ በኋላ የሚከፍታቸው ሰው አልተገኘም። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ስለ ኮሚቴ ግን የተባለ ነገር አልሰማሁም። ምስጋናዬንም በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ኮሚቴው ቁጥር የሌለውን ነገር እንደማያነብ ጸሐፊዎ ነግረውኛልና።

፩ኛ. ስለ መስኮቱ መምጣት።

አባቴ አቶ ባቻ በጉልምስናቸው ዘመን ከጊምቢ እስከ ነቀምቴ፣ ከነቀምቴ እስከ ሲሬ በቅሎ እየነዱ ቡና የሚነግዱ ሰው ነበሩ። ከበቅሎ ወድቀው ወገባቸው ከተጎዳ ወዲህ እግራቸው አልታዘዝ ስላላቸው፣ አልጋቸውን በመንገዱ በኩል ካለው የጣውላ መስኮት ሥር አድርገንላቸው ይኖሩ ነበር። ማለዳ መስኮቱን ወለል አድርጌ ከፍቼ ወደ ስፌቴ ስሄድ፣ ብቻቸውን ትቻቸው የሄድኩ አይመስለኝም ነበር። ከጉቴ ቅቤ ይዘው የሚመጡት ሴቶች «አካም ቡልተኒ፣ ኦቦ ባቻ?» ብለው አዳራቸውን ሳይጠይቁ አያልፉም፤ እሳቸውም የየልጆቻቸውን ስም እየጠሩ ይመልሱላቸዋል። በሬ የጠፋበት ሰው በዚያ መስኮት ይጠይቃል፤ የተጣሉ ባልና ሚስት እዚያው ሥር ቆመው ይወቃቀሳሉ፤ ማታ ስመለስ አባቴ የከተማውን ወሬ ሁሉ ከራት በፊት ያቀርቡልኛል።

ክቡርነትዎ ታላቅ እንግዳ ከአዲስ አበባ በዚህ መንገድ እንደሚያልፉ ሰምተው ወደ ቤታችን የመጡት በግንቦት ወር ነው። መስኮታችንን በከዘራዎ ጫፍ ነካ አድርገው «የእንግዳ ዓይን በጣውላ ላይ ማረፍ የለበትም» አሉ። ከባሕር ማዶ የመጣው ባለ ድርብ መስተዋት መስኮት እንደሚገጠምልንም አበሠሩን። አባቴ ያን ጊዜ ከአልጋቸው ቀና ብለው «ክቡር ግራዝማች፣ ሁለት መስተዋት ለምን ያስፈልጋል?» ብለው ጠየቁ።

«በበረዶ አገር የተሠራ ነው፤ ብርድ አያስገባም፣ የመንገድ ጫጫታም አያስገባም» ብለው መለሱላቸው።

«ድምፅስ?»

«የዝንብ ድምፅ እንኳ አያልፍበትም!»

ባለሥልጣን ቃሉን አይጠብቅም እያሉ የሚያሙ ሰዎች ይፈሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእውነት የዝንብ ድምፅ እንኳ አላለፈም።

፪ኛ. ስለ መስኮቱ አለመከፈት።

የኮሚቴው አናጢ ገብረክርስቶስ መስኮቱን ገጥሞ ሲጨርስ፣ ውስጡ ወደ ውጭ፣ ውጩ ወደ ውስጥ ዞሮ ስለነበር መክፈቻው እጀታ በመንገዱ በኩል ሆነ። እንዲህ ከሆነ መስኮቱን ለመክፈት የሚችለው መንገደኛ ብቻ መሆኑን ባመለክት፣ ኮሚቴው አገላብጦ ከመግጠም ይልቅ በምስማር ማስመታቱን መረጠ። ሌባ እንዳይገባ ስለታሰበልን አመሰግናለሁ፤ አየርም እንደ ሌባ ተቆጥሮ አብሮ ተከልክሏል።

፫ኛ. ስለ ኦቦ ጨመዳ።

ኦቦ ጨመዳ ከአባቴ ጋር በአንድ ጎዳና በቅሎ የነዱ፣ በአንድ ድንኳን ያደሩ ሰው ናቸው። ሽማግሌው ወደ ወፍጮ ቤታቸው ሲሄዱ በመስኮታችን ሳያልፉ፣ ሲያልፉም ቆመው ሳይቀልዱ የዋሉበት ቀን አልነበረም። አዲሱ መስኮት በተገጠመ ማግስት እንደ ልማዳቸው ቆመው ሰላምታ ሰጡ። አባቴ አልሰሙም። አባቴም ፈገግ ብለው ስለ ጤናቸው ጠየቁ። ኦቦ ጨመዳ አልሰሙም። መስተዋቱ ፀሐይ ሲያርፍበት ስለሚያብረቀርቅ ፈገግታውም አልታያቸውም። እንዲህ እየሆነ ጥቂት ቀን ከሰነበተ በኋላ ኦቦ ጨመዳ መንገዱን ተሻግረው በወዲያ ማዶ ማለፍ ጀመሩ።

እኔ ይህን አላወቅሁም። ያወቅሁት አንድ ማታ ራት ሳቀርብ አባቴ «ዛሬስ ወሬ የለኝም» ማለታቸውን ነው። በማግስቱም አልነበራቸውም። በሦስተኛው ማታ ግን እንጀራውን ሳይነኩ «ልጄ ሎሚ፣ ጨመዳ እንኳ ናቀኝ። እግር የሌለው ሰው ሰላምታም አያስፈልገውም እንግዲህ» አሉኝ።

፬ኛ. ስለ ጉሙ።

ሰኔ ሲገባና የወለጋ ዝናብ መውረድ ሲጀምር፣ በሁለቱ መስተዋቶች መካከል ጉም ገባ። በውጭ በኩል ብወለውለው አልለቀቀም፤ በውስጥ በኩል ብወለውለው አልለቀቀም። ባመለክት የኮሚቴው ልዑካን መጡና እነሱም በውጭ ወለወሉ፣ በውስጥም ወለወሉ፣ ከዚያም ጉሙ በመካከል መሆኑን ደረሱበት። ድካማቸው የሚረሳ አይደለም። ቀጥሎ የጉሙን ምክንያት ሲመረምሩ የአባቴ እስትንፋስ ሆኖ አገኙት። «አዛውንቱ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አድርገው እንዳይተነፍሱ» የሚል ትእዛዝም ሰጥተው ሄዱ።

አባቴ ለመንግሥት ትእዛዝ የሚገዙ ሰው ስለሆኑ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ጉሙ ግን ትእዛዙን አልሰማም ነበርና በዚያው ቀጠለ። ሁለተኛው ልዑክ ውሃው የሚወጣበት ቀዳዳ ከክፈፉ በታች አስበሳ፤ በዚያ ቀዳዳ ዝናቡ ገባ። ሦስተኛው ልዑክ ቀዳዳውን በሬንጅ አስደፈነ፤ የገባው ዝናብ ውስጥ ቀረ። ክፈፉም ውሃ ጠጥቶ አብጦ ግድግዳችንን ሰነጠቀው። ስለዚህ ክቡርነትዎ የሰጡን መስኮት አየር ባያስገባም፣ ስንጥቁ በቂ አየር ስለሚያስገባልን በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም።

፭ኛ. ስለ ታላቁ እንግዳ።

የሚያልፉበት ቀን ሲደርስ አባቴን ነጭ ልብሳቸውን አልብሼ ወደ መስኮቱ አዞርኳቸው፤ ለአንድ ቀን መተንፈስ ይፈቀድላቸዋል ብዬ ነው። ዝናብ ነበር። እንግዳው በመኪና አለፉ፤ የመኪናቸውም መስተዋት ጉም ለብሶ ነበር። ጉም ለጉም ተያዩ። አባቴ አንድ ጥቁር ጥላ ሲያልፍ አይተው «ማን ነበሩ?» ቢሉኝ፣ «መንግሥት ነው፣ አባባ» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ግድግዳቸው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ያልጠየቅኳቸውን አይናገሩም፤ የጠየቅኳቸውንም በራስ ንቅናቄ ይመልሱልኝ ጀመር። ምግብ ሲቀንሱ፣ ድምፃቸው ሲሟሽሽ እያየሁ መርፌዬ ጣቴን እየወጋኝ እውል ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ቁጥር የለውም፤ ኮሚቴው ባያነበው አልቀየምም።

በሐምሌ መግቢያ ኦቦ ጨመዳን ገበያ ላይ አገኘኋቸው። ከዚያ በፊት «ኢንተላ ኮ» እያሉ እንደ ልጃቸው የሚጠሩኝ ሰው፣ እንዳላየ ሆነው ሊያልፉኝ ሲሉ መንገዳቸው ላይ ቆምኩ።

«ኦቦ ጨመዳ፣ ምን በደልንዎ?» አልኳቸው።

«እኔ ድሃ ነኝ። አባትሽ መስተዋት ገብቶለታል። ቆሜ ስጣራ እንደ ፎቶግራፍ ዝም ብሎ ያየኛል።»

«እሳቸው ደግሞ እርስዎ እንደናቋቸው ነው የሚያውቁት። ሰላም እያልኩት አልመለሰልኝም ብለው አኩርፈዋል።»

ኦቦ ጨመዳ የያዙትን የጨው ጥቅል መሬት ላይ አስቀመጡት። «እንዴ! ያ ዕቃ አፋችንን ዘግቶት ነው?» አሉ። ጨውን ረስተው ወደ ቤታችን መራመድ ጀመሩ፤ እኔ ተሸክሜ ተከተልኳቸው። በበር ገብተው አልጋው ላይ ተቀመጡና የአባቴን ትከሻ ይዘው ወደራሳቸው አዞሯቸው። የተባባሉትን እዚህ አልጽፈውም። ሁለቱም ሽማግሌዎች ማልቀሳቸውን ግን ኮሚቴው በመዝገቡ ላይ ቢያሰፍረው ደስ ይለኛል፤ እንደ ጉም እንዳይቆጠር ብቻ።

ኦቦ ጨመዳ ሲነሡ መስኮቱን አዩትና «እኔስ በበር ገባሁ። የመንገዱ ሰው ሁሉ በበር ሊገባ ነው?» አሉ። በእርግጥ ከዚያ ቀደም መስኮቱን ለማውጣት ለጽሕፈት ቤትዎ ፈቃድ ጠይቄ ነበር፤ «የኮሚቴን ንብረት መንካት ክልክል ነው» የሚል መልስም አግኝቻለሁ። መልሱን ተረድቼዋለሁ፤ ስለዚህም መስኮቱን ያወጣነው በሙሉ ዕውቀት እንጂ በስሕተት አለመሆኑን አረጋግጣለሁ። እኔ መዶሻ፣ ኦቦ ጨመዳ መሮ ይዘን ስንጀምር አናጢው ገብረክርስቶስ ደረሰ። እሱ አሁን የኮሚቴውን ሥራ ትቶ ሲሬ ላይ የራሱን ሱቅ ስለከፈተ፣ ስሙን እንድጽፍ ፈቅዶልኛል።

«ግራዝማች ምስማር እንድጨምርበት ልከውኝ ነበር» አለ።

«ጨምር እንጂ፣ ማን ከለከለህ?» አሉት ኦቦ ጨመዳ። «ብቻ አስቀድመህ የድሮዎቹን ንቀላቸው።»

ገብረክርስቶስ እኛን አየ፤ አልጋው ላይ ያሉትን አባቴን አየ፤ ከዚያ ኮቱን አውልቆ ምስማሮቹን መንቀል ጀመረ። መስኮቱ ከነክፈፉ ሲወጣ የመንገዱ ድምፅ በአንድ ጊዜ ቤቱን ሞላው፤ የአህያ ኮቴ፣ የወፍጮው ጩኸት፣ የሚጨቃጨቁ ልጆች። አባቴ በክርናቸው ተደግፈው አፋቸውን ከፈቱ፤ ድምፃቸው ግን ዝጎ ስለነበር እስከ መንገዱ አልደረሰም። ያን ጊዜ ድርቤ የምትባለው የጉቴ ቅቤ ሻጭ እያለፈች ነበር። ዘወር ስትል አየቻቸውና ቅሏን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች።

«ኦቦ ባቻ! እርስዎ አሉ እንዴ? ሞቱ ሲሉ ሰምቼ በዚህ ባለፍኩ ቁጥር አለቅስ ነበር እኮ!»

«እዚህ? በደጄ?» አሉ አባቴ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ወደ መንገዱ የወጣው የመጀመሪያ ቃላቸው ይህ ነበር።

«በደጅዎ!»

«አልሰማሁሽም፣ ልጄ» አሉ። እጃቸውን በባዶው መስኮት አውጥተው ሰጧት፤ እሷም ጭቃው መካከል ቆማ ሳመችው።

አሁን ገብረክርስቶስ የሠራልን የጣውላ መስኮት በማጠፊያው ላይ ይከፈታል፣ ይዘጋልም። አባቴ መብላት ጀምረዋል፤ ማታ ማታም ወሬያቸው ከራቱ ይረዝማል። የኮሚቴውን ንብረት በማውጣቴ ቀርቤ እንድጠየቅ የላኩት መጥሪያ ስለደረሰኝ በተባለው ቀን እገኛለሁ። ባለ ድርብ መስተዋቱ መስኮት አልተሰበረም፤ ተጠቅልሎ ተቀምጧልና ከነጉሙ ለማስረከብ ዝግጁ ነኝ። ስለ ተሰነጠቀው ግድግዳ ግን አይጨነቁ፤ ለክቡርነትዎ መታሰቢያ እንዲሆን እንዳለ ትተነዋል።

መንገዳችንን ለማስዋብ የደከሙት ሊቀ መንበር ዕድሜዎ ይርዘም፣ ወንበርዎ ይመችዎ፣ የሚያዩት ሁሉ እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቅ ይሁንልዎ እያልኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ የምሰናበትዎ፤

ትሑት አገልጋይዎ፣
ወይዘሮ ሎሚ ባቻ፣ ልብስ ሰፊ፤
ነቀምቴ፣ ሐምሌ ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፤ በክቡርነትዎ መኖሪያ ቤት ያሉት መስኮቶች ግን እስከ ዛሬ የጣውላ መሆናቸውን አባቴ ሰምተው ምክንያቱን ጠየቁኝ። ሊቀ መንበሩ ድርብ መስተዋት ሳይገጠምላቸውም የሰው ድምፅ ስለማይሰሙ፣ ኮሚቴው ወጪ ለመቀነስ ብሎ ይሆናል አልኳቸው። አባቴ አልጋው እስኪነቃነቅ ድረስ ሳቁ። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ሳቁን ሰምቶ ምን እንዳሳቃቸው ጠየቃቸው፤ እሳቸውም ነገሩት።