ዋስ ያጡ እንግዶች

ሰኞ፣ ኅዳር 3

በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ። ነገ ከነገ ወዲያ ማን አስገባቸው ተብሎ ሲጠየቅ እንዳልክድ ይኸው ጽፌዋለሁ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያናችንን መዋዕለ ሕፃናት ልጆች አሰልፌ መዝሙር ሳዘምር የግቢው ቆርቆሮ በር ተንኳኳ። አራት ናቸው። አንዲት ረጅም ሴት፣ አንድ ሽማግሌ፣ አሥር ዓመት የሚሆናት ልጅ፣ ሴትየዋ ጀርባ ላይ ደግሞ ገና ሦስት ዓመት ያልሞላት ሕፃን። ደቡብ ሱዳኖች መሆናቸውን አይቼ አወቅሁ። ዝናቡ ከራስ እስከ እግራቸው አርሷቸዋል። ሽማግሌው አንገቱ ላይ ያለውን መቁጠሪያ አወጣና ልክ እንደ መታወቂያ አሳየኝ። "ካቶሊክ" አለኝ። ከዚያ ሌላ የምንግባባበት ቃል አልነበረንም።

ካህናችንን አባ ጴጥሮስን ጠራኋቸው። አንድም ነገር ሳይጠይቁ "የትልልቆቹን ክፍል ክፈቺ ማርታ" አሉኝ። ትንንሾቹን ወንበሮች ወደ ጥግ ገፋን። ለማደሪያ ያገኘነው፦ ሁለት ፍራሽ፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ ለገና ድራማ መጋረጃ የምናደርገው ሰማያዊ ጨርቅ። ለመብል ቦሎቄና ሙዝ።

ሕፃኗ ትኩሳት አላት። እጄን ግንባሯ ላይ ሳደርግ ዝም ብላ አየችኝ። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4

ጋሽ ከማል መጡልን። ገበያው ዳር ጨርቅና ሳሙና የሚሸጡት፣ ጅማ ተወልደው እዚህ ሚዛን ያረጁት። በደርግ ጊዜ ተሰደው ካርቱም ስድስት ዓመት ኖረዋል፤ ዓረብኛውን ከዚያ ነው ያመጡት። ሱቃቸውን ዘግተው ነው የመጡት። በትንሹ ወንበር ላይ ጉልበታቸው ደረታቸው ጋ ደርሶ ተቀመጡና አንድ በአንድ ተረጎሙልን።

ሴትየዋ አቹል ትባላለች። ሽማግሌው የባሏ አባት ናቸው፤ ስማቸው ዴንግ። ትልቋ ልጅ አዱት፣ የታመመችው አጆክ። ባልየው ለጦርነት ሄዶ ወሬው ከጠፋ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ድንበሩ አጠገብ ካለው የስደተኞች ካምፕ ነበሩ። እዚያ ስደተኞቹ እርስ በርስ ተጣሉ፣ ከጎናቸው ያለው ጎጆ ተቃጠለ፣ ሲነጋ ሸሹ። ግማሹን መንገድ በቡና መኪና፣ ግማሹን በእግር። የስደተኛ ካርዳቸው ካምፑ ውስጥ ጎረቤት እጅ ቀርቷል።

አቹል ይህን ሁሉ ስትናገር ድምፅዋ አንዴም አልተሰበረም። የተሰበረው የጋሽ ከማል ነው። "እንዲህ ነው የምትለው" ይሉና ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ይጠርጋሉ፤ ይቀጥላሉ።

ሕፃኗን ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ወባ ነው። ኪኒን ሰጡን፤ የምታስመልስ ከሆነ ለመርፌ መልሱዋት አሉን።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

የዛሬውን መጻፍ አልፈለግሁም ነበር።

ከሰዓት በኋላ የአጥቢያችን የቁምስናው ምክር ቤት ተሰበሰበ። አሥራ አንድ ሰዎች ነን። አዳራሹ ውስጥ፣ ከበሩ በላይ፣ ባለፈው ዐቢይ ጾም የለጠፍነው ማኒላ ወረቀት አለ፦ "ይህ ቁምስና ማንንም በዘሩና በመጣበት አገር አይለይም፤ የተሰደደ ሁሉ እዚህ ቤተሰብ ነው።" ሁላችንም ቆመን ቃል የገባነው ነው። በማርከር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ፊደሉ እኩል እንዲሆን እንጂ የሚለውን አላሰብኩትም።

ጋሼ ሄራኖ ተናገሩ። የምክር ቤቱ ሊቀመንበር ናቸው፤ እንደ እኛ ከከምባታ በሰፈራ የመጡ፤ ከአባቴ ጋር አብረው መሬት የመነጠሩ።

"እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም" አሉ። "እኛ ራሳችን እዚህ አገር እንግዳ ነን። ሃያ ዓመት ብንኖር፣ ልጅ ብንወልድ፣ ብንቀብር፣ መጤ ነው የምንባለው። መንግሥት የተለወጠ ጊዜ 'ወደ መጣችሁበት' ያሉንን ረሳችሁት? አሁን ደግሞ መጤዎቹ ሌላ መጤ ሰበሰቡ ይሉናል። እንግዳ እንግዳን አያስጠጋም፤ አቅሙ አይደለም።"

አንድም ሰው አልሳቀም፣ አንድም ሰው አልተቆጣም። እውነት ስለሆነ መሰለኝ።

አባ ወደ ማኒላው ወረቀት አመለከቱና "ታዲያ እናውርደው?" ብለው ጠየቁ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

ሕፃኗ እስክትድን ይቀመጡ የሚል እጅ ያውጣ ተባለ። አምስት እጅ ወጣ። አራት ተቃወመ፤ በአንድ እጅ ብልጫ ይቀመጡ ተባለ። ሁለት ሰው ዝም አለ። ከሁለቱ አንዷ እኔ ነኝ።

ለምን? እዚህ ብጽፈውም የሚያነበው የለም። ጋሼ ሄራኖ እያዩኝ ነበር። አባቴን የቀበሩት እሳቸው ናቸው። እጄ ጭኔ ላይ ነበር፤ አልተነሣም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

ከሠላሳ አንድ ልጆች አሥራ ዘጠኙ ሳይመጡ ቀሩ። ወሬው ገበያ ደርሷል፦ በሽታ ይዘው መጥተዋል፣ በሽታው በእስትንፋስ ይጋባል። ወባ መሆኑን ለአንዷ እናት በር ላይ አስረዳኋት። አንገቷን ነቀነቀች፣ "ገብቶኛል እትዬ ማርታ" አለች፣ ልጇን ይዛ ሄደች።

የቀበሌው ሊቀመንበር ራሳቸው መጡ። የአገሬው ተወላጅ፣ የሸኮ ሰው ናቸው፣ ረጋ ያሉ፤ ለሽማግሌው ለዴንግ ብድግ ብለው ነው የጨበጡት። ያሉት ይህ ነው፦ ካርድ ያልያዘ ስደተኛ ከተማ ውስጥ መቀመጥ አይችልም። ሕፃኗ ግን ታማለች። ስለዚህ ሁለት የቀበሌው ነዋሪዎች ዋስ ይሁኑና ይፈርሙ፤ እስክትድን ይቀመጣሉ። አንድ ነገር ቢፈጠር ተጠያቂው ዋሱ ነው። እስከ ሰኞ ጠዋት ዋስ ካልመጣ ወደ ካምፕ የሚመልስ መኪና ይላካል።

አባ መፈረም አይችሉም። ከቦንጋ ተዛውረው ከመጡ ዓመት አልሞላቸውም፤ የቀበሌው መታወቂያ የላቸውም። እኔ አለኝ። ማንም "አንቺስ?" አላለኝም። እኔም አልተናገርኩም።

ቤት ስደርስ እናቴ ሁሉንም ሰምታለች። ቆጮ እየከተፈች ቀና ሳትል "ስምሽን የትም እንዳታስገቢ" አለችኝ። አስቤውም አላውቅ አልኳት። "አስበሽዋል፤ እኔ ነኝ የወለድኩሽ" አለች። ከዚያ ስለ ሰፈራው ጊዜ ተናገረች። ከመኪና ያራገፉን ቀን ሣሩ ከሰው በላይ ነበር። በሳምንቱ ወንድሜን በወባ ቀበርነው። አንዲት የአገሬው ተወላጅ የቤንች ሴት ጎደሬ ቀቅላ አመጣችልን፤ ማግስቱን ባሏ መጥቶ "የእኛን መሬት ነው የሰጧችሁ" አለን። "ሁለቱም እውነት ነው" አለች እናቴ። "ሴትየዋም እውነቷን ነው፣ ባሏም እውነቱን ነው። አርባ ጊዜ ሰላም ብዬው አንድ ቀን ነው የመለሰልኝ። አሁን እንደገና ተነሺ ብባል የምሄድበት የለኝም ማርታዬ።"



ዓርብ፣ ኅዳር 7

አጆክ ኪኒኑን ሁሉ አስመለሰች። ጤና ጣቢያ አስተኟት፤ ግሉኮስ ሰቀሉላት። ክንዷ ቀጭን ስለሆነ ደም ሥሯን ለማግኘት ሦስት ጊዜ ወጓት። አቹል እግሯን ይዛ ቆማ ነበር። እኔ ወደ ውጪ ወጣሁ።

አባ ከጠዋት እስከ ማታ ዋስ ፍለጋ ዞሩ። መልሶቹን ነግረውኛል፦ ሚስቴን ላማክር። ቡና ለቀማ ላይ ነኝ፣ ከሰኞ በኋላ። እኔ ራሴ መታወቂያዬን ገና አላሳደስኩም። አባ፣ ጸሎት ያድርጉልን።

አንድ ሰው ብቻ ፈረሙ። ጋሽ ከማል። ማንም ሳይጠይቃቸው ሱቃቸውን በቁልፍ ቆልፈው ቀበሌ ሄደው ፈርመው ተመለሱ። ልጆቻቸው ተቆጥተዋቸዋል አሉ። አባ ይህን ሲነግሩኝ መሬት መሬት እያዩ ነበር። የእኛ ቃል፣ የእኛ ግቢ፣ የእኛ ማኒላ ወረቀት፤ ፊርማው የጋሽ ከማል።

አንድ ፊርማ ቀረ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

ሽማግሌው ሄዱ።

ጠዋት ቁርስ ይዤ ስገባ ፍራሻቸው ተጠቅሎ ግድግዳው ሥር ቆሟል። አዱት ናት የነገረችን፤ ለጋሽ ከማል በዓረብኛ። አያቷ እንዲህ ብለው ነው የተነሡት፦ "ሰዎቹ የሚፈሩት ወረቀት ስለሌለን ነው። ካርዱን አመጣለሁ። ለእናትሽ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ንገሪ።"

ካርዱ ያለው ሸሽተው ከመጡበት ካምፕ ነው።

አባና እኔ ወደ መኪና ተራው ሮጥን። ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ መንገዱ በሙዝና በቡና ጆንያ ተዘግቷል። አንድ ረዳት "ረጅም ሽማግሌ፣ ባዶ እግሩን፣ አዎ፣ ጆንያ ላይ ጭኖት የሄደ መኪና አለ" አለን። መኪናው ከወጣ ሁለት ሰዓት ሆኖታል።

አቹል ጤና ጣቢያ ናት፤ ሄደን ነገርናት። ጋሽ ከማል ሲነግሯት አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። አንድ ነገር ተናገረች። ምን አለች ብዬ ጠየቅኋቸው። "ለምን ቀስቅሳችሁ አልነገራችሁኝም ነው የምትለው" አሉኝ። እኛም ተኝተን ነበር እንዲሏት ለመንኳቸው። ነገሯት። አላመነችንም።

እኔ ሐሙስ ዕለት ፈርሜ ቢሆን ሽማግሌው ዛሬ እዚህ ይሆኑ ነበር። ከዚህ ሌላ የማስበው ነገር የለም።

እሑድ፣ ኅዳር 9

ቅዳሴ። አባ ይቆጡናል ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም። ስብከቱን ከአምስት ደቂቃ በላይ አላስኬዱትም። "አንድ ሽማግሌ እኛ የፈራነውን ወረቀት ፍለጋ ሄደዋል። ስማቸው ዴንግ ነው። በጸሎታችሁ አስቡዋቸው" አሉና ወደ መንበሩ ተመለሱ። ከኋላ ያለው ወንበር ላይ አንድ ሰው አሳለ።

ከቅዳሴ በኋላ ጋሼ ሄራኖን በረንዳው ላይ አገኘኋቸው። ነገ ልፈርም ነው አልኳቸው። ማስፈቀዴ ነበር ወይስ ማሳወቄ፣ እኔም አላውቀውም።

"አባትሽ ቢኖር አይፈቅድልሽም ነበር" አሉ።

"ይሆናል ጋሼ" አልኩ።

"እኔ አልፈርምም። ሰባት ልጆች አሉኝ።"

"አልጠየቅሁዎትም።"

"አለመጠየቅሽ ነው የከበደኝ" አሉና ባርኔጣቸውን አድርገው ሄዱ።

ሰኞ፣ ኅዳር 10

ፈረምኩ።

ጸሐፊው መታወቂያዬን አገላብጦ አየ። "የትውልድ ቦታ" የሚለው ላይ ጣቱን አቆመ፣ ከምባታ የሚለውን አነበበ፣ ቀና ብሎ አየኝ፣ መዝገቡን ወደ እኔ ገፋው። ስሜ ከመስመሩ ወጣ። ለሕፃናት ፊደል የማስጽፍ መምህርት።

መኪናው አልመጣም።

ለእናቴ ራሴ ነገርኳት። የምትለቅመውን ቦሎቄ አስቀመጠች፣ ተነሣች፣ ጓሮ ወጣች። ምሳ ለአንድ ሰው ብቻ ነው የቀረበው። እሷ አልበላችም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12

እናቴ አሁንም አታናግረኝም።

አጆክ ትኩሳቷ ወረደ። ዛሬ ሙዝ በላች፤ ግማሹ አፏ ውስጥ፣ ግማሹ ቀሚሷ ላይ። ነርሷ ዓርብ ትወጣለች አለችን። ደስ ሊለኝ ሲጀምር ትዝ አለኝ፦ ከዳነች ፈቃዱ አበቃ ማለት ነው። አባ ለዞኑ ደብዳቤ ጽፈዋል፤ ካምፑ እስኪረጋጋ ይቆዩ ብለው። መልስ የለም። ሌላ የማውቀው ነገር የለም።

ከስምንት ልጆች በላይ አልመጡም።

ዓርብ፣ ኅዳር 14

የመኪና ተራው ረዳት አንድ ሾፌር ይዞ ግቢ መጣ። ሽማግሌውን ያሳፈረው ሰው ነው። ጋሽ ከማል ቴፒ ለዕቃ ሄደዋል፤ አስተርጓሚ አልነበረም። አቹል አጆክን ታቅፋ አጠገቤ ቆመች፤ ሾፌሩ በአማርኛ ለእኔ ተናገረ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ካምፑ መገንጠያ ላይ ነው ያወረዳቸው። ወታደሮች መንገዱን ዘግተው ነበር፤ ውስጥ ተኩስ ይሰማል። አይግቡ ብሎ በእጁ አሳያቸው። ሽማግሌው አመሰገኑት፣ እጁን በሁለት እጃቸው ያዙት፣ በጫካው በኩል ዞረው ሄዱ። ረቡዕ ሲመለስ ጠይቋል። ያየ የለም።

ሾፌሩ ሲጨርስ አቹል ወደ እኔ ዞረች። በዓረብኛ የማውቃቸው ቃላት ዐሥር አይሞሉም፤ ውሃ፣ ዳቦ፣ መድኃኒት፣ ደህና። ልጅሽ ደህና ናት ለማለት የተማርኳቸው ናቸው። ይህንን የምነግርባቸው አይደሉም። እጄን ወደ መንገዱ ዘርግቼ፣ ከዚያ መዳፌን ገለበጥኩ። አላውቅም።

ገባት። አጆክን ለአዱት ሰጠቻት። ወደ ክፍሉ ገብታ መጥረጊያውን አነሣች፣ ወለሉን ከጥግ ጀምራ መጥረግ ያዘች። ትንንሾቹን ወንበሮች አንድ በአንድ እያነሣች ሥራቸውን ጠረገች። እኔም ሌላ የምሠራው ስላጣሁ ወንበር አነሣሁላት። ሁለታችን ክፍሉን ጨረስን።

ከዞኑ መልስ አልመጣም። ጋሽ ከማል ነገ ይመለሳሉ፤ ሾፌሩ ያለውን ሁሉ፣ ሽማግሌው እጁን በሁለት እጃቸው መያዛቸውን ጨምሮ፣ ለአቹል ይነግሩልኛል።