አምስት ሳምንት ጸበል

ይድረስ ለእታለም፣

ከነባለቤትሽ ከነልጆችሽ እንደምን ሰነበትሽ? የሐምሌ ብርድ ጉልበትሽን እንዴት አደረገው? እኔ ትከሻዬ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ ከማለቱ በቀር ደህና ነኝ። ከደባርቅ ዳባት በሚኒባስ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ የምጽፍልሽ ርቀሽብኝ አይደለም። ፊትሽን እያየሁ መናገር ስላቃተኝ ነው።

ቅዳሜ ገበያ ላይ አንዲት ሴትዮ ከኋላዬ ለጓደኛዋ፣ «ተያት፤ እሷ'ኮ የዓለም ሰው ናት፤ ለአባቷ ቀብር ጊዜ ከየት ታምጣ?» ስትል ሰማሁ። ልክ ናት። ዓለም የሴት ቴኒስ ተጫዋቾችን ሲቆጥር እኔን አንድ ሺህ ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለተኛ ብሎ መዝግቦኛል። መቆጠሬን ማንም አይክድም።

የስፖርት ኃላፊ ነኝ ያለ ሰውም ለአባዬ ተዝካር መጥቶ ነበር። «አትሌታችን» እያለ ካጽናናኝ በኋላ፣ ለሚሮጡት ልጆች ምክር እንድሰጥ ለመነኝ። የምጫወተው ቴኒስ ነው ስለው፣ «ይሁን፤ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» አለኝ።

አባዬ ቢሰማው እንዴት በሳቀ! የመንገድ ሥራ ካምፕ ዘበኛ ሆኖ፣ ፈረንጆቹ ጥለውት በሄዱት የሲሚንቶ ሜዳ ላይ ያስተማረኝ እሱ ነው። መረቡን ከጭነት ገመድ ጎነጎነው፤ ነጥቡን በግእዝ ይቆጥር ነበር። አንቺ ኳስ መልቀም ሰልችቶሽ፣ «ከዐሥራ አምስት፣ ከሠላሳ በኋላ አርባ አምስት መሆን ሲገባው ስለ ምን አርባ ይባላል?» ብትይው፣ «ፈረንጅም ተዝካር ያውቃል ማለት ነዋ» አለሽ።

እሑድ ሞተ፤ በዚያው ቀን ቀበራችሁት። እኔ ቱኒዝያ ነበርሁ። ስሜ ከዓለም ዝርዝር እንዲገባ በሦስት ውድድሮች ቢያንስ አንድ አንድ ጨዋታ ማሸነፍ ነበረብኝ፤ በስምንት ዓመት ሁለቱን አግኝቼ ነበር፤ ለሦስተኛው የምጫወተው ከቀብሩ ሁለት ቀን በኋላ፣ ማክሰኞ ነበር። ይህን ታውቂ ስለ ነበር፣ ከቀብሩ ላይ ቄስ ሃብተ ጊዮርጊስን ለምነሽ ለቀስተኛውን አስገዘትሽ፤ «ውድድሯን ጨርሳ እስክትመጣ የነገራት የተወገዘ ይሁን!» ተባለ። ደባርቅ፣ በልቅሶ ቤት የሰማውን ለመንገደኛ ሁሉ የሚያወራው ደባርቅ፣ ዝም አለ።

ስደውል፣ «አባዬ ጸበል ገብቷል፤ በአምባራስ በኩል ነው፤ ስልክ አይሠራም» አልሽኝ። አምስት ሳምንት ጸበል! በዚያ ሁሉ ውሃ እንኳን ሰው የሊማሊሞ ድንጋይም በዳነ ነበር።

ማክሰኞ አሸነፍሁ። ደውዬ ብነግርሽ እልል አልሽ፤ ጥቁር ለብሰሽ እልል! ከዚያ በኋላ በአራት ውድድሮች አራት ጊዜ በመጀመሪያው ዙር ተሸነፍሁ፤ አንደኛዋ ልጅማ በአርባ ሰባት ደቂቃ ሸኘችኝ። አባቴን ያስቀረሽብኝ ለዚህ ነው።

ቤት በገባሁ ማግስት፣ ንጋት ላይ ሽማግሌዎቹ ተከታትለው ገቡ። «አይዞሽ ልጄ፤ ሁሉም የሚሄድበት ነው» አሉኝ። የሚጮኸውን ጮህሁ፤ የሚመታውን ደረት መታሁ። አንቺ ልታቅፊኝ ስትመጪ ግን ገፈተርሁሽ። «ቀብር የሰረቅሽኝ!» አልሁሽ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ነጠላሽን አንሥተሽ ወጣሽ።

ትናንት ቄስ ሃብተ ጊዮርጊስ መጡ። «እኅትሽ፣ ታናሼ ይቅር ካላለችኝ ለፍልሰታ አልቆርብም ብላለች፤ እስኪ አንድ ቃል ላኪላት» አሉኝ። ላስብበት አልኋቸው። «ስምንት ዓመት ሙሉ ስለ ኳስ አስበሻል፤ ይህን በአንድ ቀን ጨርሺው» ብለው ጸበላቸውን ረጭተውኝ ሄዱ።

አሰብሁ። «ይቅር ብዬሻለሁ» ብዬ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስቱንም ቀደድሁ። ቃሉ ከእኔ እጅ አልወጣ አለ።

እታለም፣ ቁረቢ። በእኔ የተነሣ ከቁርባን እንዳትቀሪ። ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ፤ የአባዬን ነፍስ በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን።

ታናሽሽ

ጨርቅ ነጋዴው ፈሀድ ያን ሰሞን ከሊማሊሞ በታች ወዳለው ድብ ባሕር ወርዶ ስለ ነበር፣ ሞቱን እንጂ ግዝቱን አልሰማም። «አላህ ያጽናሽ» ሊለኝ የደወለው በቀብሩ ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት ነው።