ለአሥራ አንድ ሰከንድ ጭፈራ ስለተጠራው ወላጅ

ለተከበሩ አቶ ተወልደብርሃን
የትምህርት ቤታችን የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሰብሳቢ
ገርጂ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ፣ ከጥቂት ቅሬታ ጋር

የተከበሩ ሰብሳቢ ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ፣ መነጽርዎ፣ ያ በሰልፍ ሰዓት የሚነፉት ፊሽካ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ ከጓደኛዬ ከአስማ ናፍቆት በስተቀር በጣም ደህና ነኝ። ይህን የምጽፍልዎ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዋ ሔዋን ሽፈራው ነኝ፤ በባህልና ሥነ ምግባር ሳምንት በድርሰት አንደኛ ወጥቼ ከእጅዎ ሰርተፍኬት የተቀበልኩት። ያን ዕለት «እንዲህ ያለ ልጅ ይብዛልን» ብለው መርቀውኝ ነበር፤ ምርቃትዎ ደርሶ በትምህርት ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ስለቀረሁ፣ ምስጋናዬን በቃል ከማቀርብ ጽፌ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ብለጥፈው ይሻላል ብዬ ነው።

አንደኛ፤ ድርሰቴን ከልብ አንብበው ሥራ ላይ ስላዋሉት አመሰግናለሁ። እውነቱን ለመናገር ይነበባል ብዬ አልጻፍኩትም። የውድድሩ ርእስ በየዓመቱ አንድ ነው፤ «ዘመን አመጣሽ ባህል በወጣቱ ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ»። እንዴት እንደሚያሸልም ደግሞ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የማያውቅ የለም፤ መግቢያው ላይ «በአሁኑ ጊዜ» ይባላል፣ መሐሉ ላይ ሦስት ጉዳት ይደረደራል፣ አንድ ተረት ጣል ይደረጋል፣ መጨረሻው ላይ ወላጆች፣ መምህራንና ባለድርሻ አካላት ተረባርበው ወጣቱን እንዲያድኑት ጥሪ ይቀርባል። አምና አብኔዘር የሚባለው የክፍላችን ልጅ ሙዚቃ እየሰማ ሒሳብ ሲሠራ ውጤቱ እንደተሻሻለ በየዋህነት ቢጽፍ፣ «ከርእሱ ወጥቷል» ተብሎ ወረቀቱ ተመለሰለት። እኔ ግን ብልጥ ነኝ፤ ከርእሱ ፈቀቅ አላልኩም። የጸጉር ቁርጡን ኮነንኩ፣ ተከታታይ ድራማውን ኮነንኩ፣ ራሴ በቀን ሦስት ሰዓት የማፈጥበትን ቲክቶክ «ወጣቱን ከሰው ነጥሎ ብቸኛ የሚያደርግ» ብዬ አሰመርኩበት። ማስረጃ የሌለው ድርሰት ነጥብ ስለሚቀነስበትም፣ «ዩኒፎርም ለብሳ ስልክ ፊት የምትጨፍር ተማሪ በመካከላችን አለች፤ ውጤቷም ከቀን ወደ ቀን እያሽቆለቆለ ነው» የሚል ምሳሌ ጨመርኩ። ውጤቷ አላሽቆለቆለም፤ ከክፍላችን ሁለተኛ ናት። ሚኒ ሚዲያው በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ ድርሰቱን ሲያነበው አስማ አጠገቤ ቆማ ነበር፤ እዚያ ቦታ ሲደርስ በክርኗ ጎሰም አድርጋኝ «እኔን ነው እንዴ?» አለችኝ፣ እየሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

ሁለተኛ፤ ኮሚቴው ላሳየው የምርምር ትጋት አድናቆቴ ወሰን የለውም። የቤተ መጻሕፍታችን ጣሪያ ማፍሰስ ከጀመረ ሦስት ክረምት ሆኖት እስካሁን የት ጋ እንደተቀደደ አልታወቀም፤ የአስማ ቪዲዮ ግን በማግሥቱ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ተገኘ። ላላየው ሰው ልንገረው። ቪዲዮው ኬሚስትሪ ነው። አስማ እንደ ታክሲ ረዳት ጉሮሮዋን ከፍታ «ክሎሪን! ክሎሪን! አንድ ኤሌክትሮን የቀረው!» እያለች ትጣራለች፤ ሶዲየም ሮጦ ይገባል፣ «ሞላ፣ ሳበው!» ይባላል፣ ጨው ይሆናሉ። የኬሚስትሪ መምህራችን ጋሽ ገብረሃንስ አይተውት በሳቅ እንባቸው ወርዷል፤ ሁለት ሳምንት አስረድተውን ያልገባን ነገር የገባንም ያኔ ነው። መጨረሻው ላይ ታክሲው በመሙላቱ ደስ ብሏት አሥራ አንድ ሰከንድ የጉራጌ ጭፈራ ትጨፍራለች። በኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ላይ «መጤ ባህል» ተብሎ የተመዘገበው ይኸው ነው።

የጉራጌ ጭፈራ ከወዴት መጥቶ መጤ እንደሆነ የእኔ ዕውቀት አይበቃም። የማውቀው ኅዳር ላይ በባህል ቀን ያችው አስማ፣ በዚያው እግሯ፣ እንግዶች በተደረደሩበት ሩብ ሰዓት ሙሉ ስትጨፍር እርስዎ ከወንበርዎ ተነሥተው ግንባሯ ላይ ብር እንደለጠፉላት ነው። ፎቶውም የትምህርት ቤቱ በራሪ ወረቀት ላይ ወጥቶ ኢምፔሪያል አደባባይ አካባቢ ሲታደል አይቻለሁ። ጭፈራ ባህል የሚሆነው እንግዳ ሲኖርና ብር ሲለጠፍ ብቻ መሆኑን አስቀድመው ቢነግሩን እንጠነቀቅ ነበር።

ሦስተኛ፤ «ወላጅ አምጪ» የሚለውን የቆየ ሥርዓታችንን ወደ ዘመናዊ ደረጃ ስላሳደጉት። የአስማ አባት ጋሽ ሱሌማን መገናኛ መጋረጃ ይሸጣሉ፤ ገበያ በሚደራበት ሰዓት ሱቃቸውን ዘግተው፣ ኮታቸውን ደርበው መጡ። ልጃቸው የታመመች መስሏቸው ነበር። እርስዎ አምስት የኮሚቴ አባላትን አስቀምጠው፣ ግድግዳው ላይ በፕሮጀክተር ቪዲዮውን ሦስት ጊዜ አሳዩዋቸው፤ በሦስተኛው ጊዜ ሻሿ ሸርተት ያለበት ቦታ ላይ አቆሙት። ሥዕሉ እዚያው ቆሞ እያለ ስለ ወጣቱ ትውልድ መበላሸት ሰፋ ያለ ገለጻ አደረጉ። ጋሽ ሱሌማን ከመጀመሪያው ጊዜ በኋላ ግድግዳውን አላዩትም፤ የሚያዩት የጫማቸውን ጫፍ ነበር።

እዚያ ክፍል ውስጥ ለምን እንደነበርኩ እርስዎ ያውቃሉ። አባቷ አጠገብ ያቆሟትን አስማን እየጠቆሙ «የጻፍሽባት ተማሪ ይህች ናት?» ብለው ሲጠይቁኝ ራሴን ነቀነቅሁ። አፌን ከፍቼ «ድርሰቱ ውሸት ነው፣ ልጅቷ ጎበዝ ናት» ለማለት አንድ ደቂቃ ይበቃኝ ነበር፤ አላልኩም፣ ፈራሁ። ጋሽ ሱሌማን ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ለብቻዬ ብትነግሩኝ ምን ነበረበት?» አሉ። ከዚያ የአስማን ቦርሳ ተቀብለው በራሳቸው ትከሻ ላይ አንጠልጥለው ወጡ። እርስዎ የፈረዱባት የሁለት ሳምንት እገዳ ነው፤ አባቷ ግን ሁለት ወር ሊሞላ ነው፣ አልመለሷትም።

አራተኛ፤ ይህች አጭር ናት። ቪዲዮው ራሱን አልቀረጸም፤ በዚያ ሁሉ ትልቅ ሰው መካከል ግን «ስልኩን ማን ያዘው?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እኔ ነኝ። እጄ እንዳይንቀጠቀጥ ትንፋሼን ይዤ የቀረጽኩት፣ «እስቲ መጨረሻው ላይ ጨፍሪ፣ ያምራል» ያልኳትም እኔው ነኝ። ለእሷ የተወሰነው ቅጣት ለእኔም እንዲወሰንልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።

አምስተኛውን እንዴት በቁጥር እንደማስገባው አላውቅም፤ ብቻ ያው ቅሬታ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ከትምህርት ቤት እስከ ኢምፔሪያል በእግር ከአስማ ጋር እያወራን እንሄድ ነበር፤ ከዚያ ታክሲ ጋቢና ውስጥ ሁለታችን ተጣብበን እንቀመጥ ነበር። አሁን ጋቢና ስገባ አጠገቤ የሚቀመጠው ማንም ይሁን ማን ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞራለሁ። በክፍል ውስጥ ዴስኩን ለብቻዬ ይዤዋለሁ፤ የክፍል ልጆች በእረፍት ሰዓት እኔ ስመጣ ወሬ ያቆማሉ፣ እንዳልጽፍባቸው ነው። አልፈርድባቸውም። ብቸኝነት እንዲህ ምሳ እንደሚያስጠላ አላውቅም ነበር። በድርሰቴ ወጣቱን ብቸኛ የሚያደርገው ቲክቶክ ነው ብዬ ነበር፤ እርማት ይያዝልኝ፣ እኔን ብቸኛ ያደረገኝ ድርሰቱ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ አላስችል ብሎኝ መገናኛ ሄድኩ። ጋሽ ሱሌማን «ግቢ ልጄ» ብለው በርጩማ አቀረቡልኝ፣ ለስላሳ አስከፈቱልኝ፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አስማ ሜትር አንገቷ ላይ አድርጋ ለአንዲት ሴትዮ መጋረጃ ትለካ ነበር። ሴትዮዋ ስትወጣ ወደ እኔ ዞራ፣ ፊቷ ላይ ምንም ሳይኖር፣ «ስንት ሜትር ልስጥሽ?» አለችኝ። ይቅርታ ልላት ነበር የሄድኩት። «እናቴን ጠይቄ እመጣለሁ» ብዬ ወጣሁ፣ ለስላሳውን እንኳ አልጨረስኩትም። ባቡር ጣቢያው ደረጃ ላይ ተቀምጬ ሰው እያየኝ አለቀስኩ።

ክቡር ሰብሳቢ፣ ስልክ ጉዳት የለውም እያልኩ አይደለም። ሄኒ የምትባል የክፍላችን ልጅ ፊቷን ያለ ፊልተር ማየት አስጠልቷት መስታወት ከማየት ተቆጥባለች፤ እኔም ሊነጋ ሲል የተኛሁባቸው ቀናት አሉ። አንድ ትልቅ ሰው ቁጭ ብሎ «ምን ታያላችሁ? ለምን ወደዳችሁት?» ቢለን የምንናገረው ብዙ ነበረን፤ የምንፈራውም ጭምር። የሚጠይቀን ግን ጠፋ። በዓመት አንዴ ድርሰት ጻፉ ትሉናላችሁ፣ እኛም መስማት የምትፈልጉትን እንጽፋለን፣ እናንተም ወጣቱን ያወቃችሁት ይመስላችኋል።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። የመልቀቂያ ፈተናው ምዝገባ ዓርብ ይዘጋል። አስማ እስከዚያ ካልተመለሰች ዓመቷ ተቃጠለ። ጋሽ ሱሌማን ለእናቴ በስልክ ያሏት ግልጽ ነው፤ «ልጄን በሰው ፊት አቁመዋታል፤ በሰው ፊት መጥተው ነውር አልሠራችም ካሉኝ በነጋታው እመልሳታለሁ» ብለዋታል። ፕሮጀክተር አያስፈልግም፣ ቃለ ጉባኤም አያስፈልግም። በርጩማው ላይ ተቀምጠው፣ የሱቅ ጎረቤቶቻቸው እየሰሙ፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር መናገር ነው። ከገርጂ መገናኛ ሩቅ አይደለም።

ጊዜዎን በማባከኔ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ኮሚቴዎ ሌሎች ወጣቶችንም እንደ እኔ አርአያ አድርጎ ያፈራ ዘንድ እየተመኘሁ፣ በአንድ ራስ መነቅነቅ ጓደኛዋን አሳልፋ የሰጠችው የዘንድሮዋ የሥነ ምግባር ተሸላሚ፣

ታዛዥዎ
ሔዋን ሽፈራው

ግልባጭ፦
ለሚኒ ሚዲያ ክበብ (በሰልፍ ላይ እንዲያነቡት አይገደዱም)
ለአስማ ሱሌማን (ኮሚቴው የያዘባት ስልኳ ሲመለስላት)

ማሳሰቢያ፦ ለዚህ ደብዳቤ ወላጅ እንደሚያስጠሩኝ ስለማልጠራጠር ለእናቴ ለወይዘሮ ወለተማርያም አስቀድሜ ነግሬያታለሁ። ሁሉንም ነገርኳት፣ ራስ መነቅነቄንም ጭምር። ብዙ ተቆጣችኝ፤ ከዚያ ነጠላዋን አወጣች። ሐሙስ በአሥር ሰዓት፣ ከትምህርት በኋላ፣ ሽማግሌ ሆና ወደ ጋሽ ሱሌማን ሱቅ ትሄዳለች፤ እኔም በሰው ፊት ይቅርታ ልጠይቅ እከተላታለሁ። ኢምፔሪያል ታክሲ መያዣው ጋ ቆመን እንጠብቅዎታለን። ካልመጡም ስብሰባ ላይ ናቸው፣ አሟቸዋል ብለን ምክንያት አንፈጥርልዎትም፤ «ተለምነው ቀሩ» ብለን እንነግራቸዋለን፣ ጎረቤት እየሰማ።