የተሳፈርኩበት ባቡር ጥሎኝ ስለ መሄዱ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የባቡር ድርጅቱ የኢንተርኔት ትኬት ሽያጭ ዋና ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ በሚደርስዎ ጊዜ ጤናዎ የተሟላ፣ ቤተሰብዎ ደኅና፣ የቢሮዎ ወንበርም እንደ ወትሮው ያለ ምንም ወረፋ የተያዘልዎ ሆኖ እንዲገኝ ከልብ እመኛለሁ። እኔ መጋረጃ በመስፋት የምተዳደር ሴት ስሆን፣ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ባቡር የሚያመልጠው ዘግይቶ ጣቢያ የሚደርስ ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር። የእርስዎ መሥሪያ ቤት ባቡሩ ውስጥ ተቀምጦም ባቡር እንደሚያመልጥ ስላስተማረኝ፣ ምስጋናዬን በጓዳ ብልክልዎ ንፉግነት ይሆንብኛል ብዬ በአደባባይ ጽፌዋለሁ።

ጉዳዩን ላስረዳ። እኔንና ሦስት ወንድምና እህቶቼን ያሳደገችን አክስታችን የምትኖረው ሐዲዱ በሚያልቅበት ከተማ ነው። ዓይኗን ሞራ ስለ ጋረደባት ሐኪም ለኦፕራሲዮን ቀን ቆረጠላት። አክስታችን በዕድሜዋ ሙሉ ይህን አድርጉልኝ ብላን አታውቅም፤ ያን ሰሞን ግን ፊቷን ሸፍነው፣ ነፍሷን እያወቀች ዓይኗን እንደሚነኩባት ስትሰማ ፈራች፤ በስልክም፣ ከእናንተ አንዳችሁ እስከ ኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ድረስ እጄን ይዛችሁ ብትወስዱኝ አለችን። እኔ እንድሄድ ተወሰነ። ትኬቱን የመፈለጉን ሥራ ደግሞ ታላቅ ወንድማችን ወሰደ፤ እሱ ፀጉር አስተካካይ ሲሆን፣ ያለቀች የሳሙና ቁራጭ ከአዲሱ ጋር አጣብቆ የሚጠቀም ሰው በመሆኑ ቤተሰቡ ሁሉ ቆጥቤ ብሎ ይጠራዋል። ከእርስዎ ጋር ያገናኘን እንግዲህ ይህ ነው።

አንደኛ፤ ቀድሞ ላሰበ መንገደኛ ርካሽ ትኬት አለን የሚለውን ማስታወቂያዎን አይተን ቀድመን አሰብን። ርካሹ ትኬት በእርግጥ በድረ ገጽዎ ላይ በትልቁ ተጽፏል፤ ሲነኩት ግን ለሌላ ቀን ነው፣ ወይም ለደርሶ መልስ ብቻ ነው፣ ወይም አሁን አልቋል ይላል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚለውን ተረት በሥራ ላይ ለማዋል ይህን ያህል መሐንዲስ መቅጠርዎ ያስመሰግንዎታል። ዋጋውን አይቼ ከቆጥቤ ጋር ተመካክሬ ስመለስ ደግሞ ጨምሮ ጠበቀኝ። በእኛ ሙያ ጨርቅ ደጋግሞ የሚዳብስ ደንበኛ ይገላመጣል እንጂ ስለ ነካው ዋጋ አይጨመርበትም፤ ለካ ንግድ አናውቅም ነበር።

ሁለተኛ፤ ሰው መሆኔን እንዳረጋግጥ የትራፊክ መብራት ያለባቸውን ሥዕሎች እንድመርጥ ታዘዝኩ፣ መረጥኩ፣ አላመናችሁኝም። ይህን ያህል ዓመት ሰው ሆኜ ስኖር ምስክሬ መብራት መሆኑን ባለማወቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሦስተኛ፤ ይህኛው ትንሽ ይረዝማልና ይታገሡኝ። ቆጥቤ አራታችንንም እሑድ ከሰዓት በኋላ ፀጉር ቤቱ ሰበሰበንና እያንዳንዳችን በየስልካችን ወደ ድረ ገጽዎ በአንድ ጊዜ እንድንገባ አዘዘ። እሱ ራሱ ደንበኛ በሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተዘረጋ፤ መድኃኒት ቤት የምትሠራው ታናሽ እህቴ ከመስታወቱ አጠገብ ቆመች፤ ታክሲ ነጂው ታናሻችን መኪናውን ሥራ አስፈትቶ በሩ ላይ ተደገፈ። አራታችንም ተሳካልን፤ አራታችንም አንድ አንድ ርካሽ መቀመጫ ያዝን። በዚያች ደቂቃ አንዳችን ከፍለን ብንነሳ ኖሮ ይህ ደብዳቤ ባልተጻፈ ነበር። ቆጥቤ ግን ማንም እንዳይከፍል፣ አራቱን አነጻጽረን ከርካሾቹ ሁሉ የረከሰውን እንለያለን ብሎ ከለከለ። ስናነጻጽር ድረ ገጽዎ በቀይ ቀለም፣ ይህን ባቡር ብዙ ሰዎች እየተመለከቱት ነው፣ የቀሩት መቀመጫዎች ጥቂት ናቸው እያለ ያስጠነቅቀን ጀመር። ቆጥቤ እነዚያን ብዙ ሰዎች ረገማቸው፤ እሑድን እንኳ ቤታቸው የማይቀመጡ፣ የሰው ጉዞ የሚያሳድዱ ሥራ ፈቶች ናቸው አለ። በመጨረሻ እህቴ ስልኳ ባትሪ ጨርሶ ሲጠፋ፣ ከማስጠንቀቂያው ጎን የተጻፈው የሰዎቹ ቁጥር ከአራት ወደ ሦስት ወረደ። እኛው ነበርን። እውነቱን ስናውቅ የያዝናቸው መቀመጫዎች ጊዜያቸው አልፎ ወደ እርስዎ ተመልሰው ነበር፤ እንደገና ስንጠይቃቸውም በአዲስ ዋጋ ወጡ። በቤተሰባችን ውርስ እንኳ ያላጣላንን፣ አንድ ወንበር ላይ እርስ በርሳችን እንድንሻማ ስላደረጉን የእኔና የእህት ወንድሞቼ ምስጋና ይድረስዎ።

አራተኛ፤ ቆጥቤ እጅ የሚሰጥ ሰው አይደለምና፣ ያንኑ ጉዞ በአንድ ትኬት ከመግዛት መሐል ጣቢያው ላይ ቆርጦ በሁለት ትኬት መግዛት እንደሚረክስ ደረሰበት። ባቡሩ ያው ነው፣ ፉርጎው ያው ነው፣ የመቀመጫው ቁጥር እንኳ ያው ነው። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ በኢንተርኔት የሸጡልን እርስዎ ራስዎ ነዎት፤ ከርካሽነቱ በቀር የጻፉልን ማስጠንቀቂያ አልነበረም። በጉዞዬ ቀን፣ እሱም የኦፕራሲዮኑ ዕለት ነበር፣ መሐል ጣቢያ ስንደርስ ትኬት ተቆጣጣሪው በጣም በትሕትና ቀርቦ፣ የመጀመሪያው ትኬቴ እዚህ እንዳለቀ፣ ሁለተኛው ደግሞ ውጭ በመግቢያው በር ማሽን ካልተነበበ እንደማይጀምር ገለጸልኝ። በዚሁ ወንበር የምቀጥል መሆኔን ባሳየው፣ እሱ እንደሚያየኝ፣ ማሽኑ ግን እንደማያየኝ ነገረኝ። ስለዚህ ቦታዬን እንዲይዝልኝ ሹራቤን ወንበሩ ላይ ትቼ ወረድኩ፤ በመውጫው ወጥቼ ሕንፃውን ዞርኩ፤ በመግቢያው ሻንጣ ከሚጎትት አንድ ቤተሰብ ኋላ ተሰልፌ ተነበብኩ። እየሮጥኩ ስመለስ ባቡሩ ተንቀሳቅሶ ነበር። ከፍዬበት የነበረው ወንበሬ በመስኮቱ በኩል ያለ እኔ ሲያልፍ አየሁት። ሹራቤ በሰዓቱ ደርሷል።

እኔ የደረስኩት በሚቀጥለው ባቡር፣ አዲስ ትኬት በሙሉ ዋጋ ገዝቼ ነው። ሆስፒታሉ ስገባ አክስቴ አንድ ዓይኗ በነጭ ፋሻ ተሸፍኖ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነበር። ነርሷ ሌላም በሽተኛ ትገፋ ስለ ነበር፣ አክስቴ ግድግዳውን እየዳበሰች ብቻዋን እስከ በሩ ሄዳለች። እንዳየችኝ አልተቆጣችም። እጄን ፈልጋ ያዘችና፣ አራት ልጅ ነበር ያሳደግሁት፣ የለመንኳችሁ ግን አንድ እጅ ነበር አለችኝ። ቆጥቤም በስልክ ስነግረው፣ ሙሉውን መክፈል ነበረብን አለ፤ ከአፉ ይህን ቃል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። በእርስዎ ላይ ተቆጥቻለሁ፤ በእኛም ላይ ተቆጥቻለሁ፤ ልዩነቱ እኛ ማፈራችን ነው።

በማግስቱ ከመሥሪያ ቤትዎ መልእክት ደርሶኝ፣ ባቡሩ በሰዓቱ መድረሱን አብስሮኝ፣ ጉዞዬ ምን ያህል እንዳስደሰተኝ በኮከብ እንድገልጽ ጠየቀኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ነውር ስለሚሆን አልልም። ገንዘቤም ይመለስልኝ አልልም፤ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። የተቆረጠ ትኬት ሲሸጡ፣ ከዋጋው ሥር፣ መሐል ላይ ትወርዳለህ የሚል አንድ መስመር ይጨመርበት። እኔ እንኳ አጭር መጋረጃ ስሸጥ መሬት እንደማይደርስ ተናግሬ ነው።

መንገደኛን ከወንበሩ፣ ወንድምን ከወንድሙ፣ ርካሽን ከትኬቱ ለመለየት ለሚያደርጉት ያላሰለሰ ጥረት ያለኝን የከበረ አድናቆት እየገለጽኩ፣ ሥልጣንዎ በአንድ ሙሉ ትኬት እስከ መጨረሻው ጣቢያ እንዲያደርስዎ በመመኘት፣

አክባሪዎ፣
ከሹራቧ ዘግይታ የደረሰችው መጋረጃ ሰፊ

ማስታወሻ፤ አክስቴ ሁለተኛው ዓይኗም በቅርቡ ይሠራላታል። ቀኑን በዚህ ደብዳቤ ላይ እንዳልጽፍ ግን አጥብቃ ከልክላኛለች፤ ፈላጊ መኖሩን ከሰሙ ዋጋ ይጨምራሉ ብላ ነው። በአንድ ዓይኗ ይህን ያህል ካየችብዎ፣ ሁለቱም የዳኑላት ዕለት የሚሆነውን እርስዎ ይወቁ።